ጎጃምን ከጎን ማየት

(ደብረ ማርቆስ ላይ ለመምህራንና ለተማሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አቃንቼዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎችም አንዱን ጨምሬያለሁ።)

እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ ካርታ ይዤ አልመጣሁም። ረስቼው አይደለም። ክፍል ውስጥ የሚሰቀለውን የጎጃም ካርታ ሁላችሁም በቃላችሁ ታውቁታላችሁ። ሰሜን ላይ ጣና አለ። በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ዓባይ ይዞረዋል። መሃሉ ላይ ትንሽ ቡናማ ቀለም ተቀብቷል፤ እሱ ጮቄ ነው። ይህ ካርታ አገሩን ከሰማይ ቁልቁል ነው የሚያሳየው። ከዚህ እስከዚያ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ይነግራችኋል። ስንት ዳገት እንደሆነ ግን ትንፍሽ አይልም። ገበያ ውላ የተመለሰች እናት "መንገዱ እንዴት ነበር?" ብትባል ኪሎ ሜትር አትቆጥርም። "ዳገቱ ገደለኝ" ነው የምትለው። እኔም ዛሬ የምይዘው የእሷን ካርታ ነው። ጎጃምን ከላይ ሳይሆን ከጎን እንየው።

ጥቂት ቁጥር ልጥቀስ። የጮቄ አናት ከባሕር ጠለል በላይ 4,100 ሜትር ገደማ ነው። አሁን የተቀመጥንበት ደብረ ማርቆስ 2,450 አካባቢ ነው። ደጀንም ከዚህ ብዙ አይለይም። ከደጀን ቁልቁል ወርዳችሁ ዓባይ ድልድይ ላይ ስትቆሙ ግን 1,050 ሜትር አካባቢ ናችሁ። ጮቄና ድልድዩ በአየር መስመር 100 ኪሎ ሜትር እንኳ አይራራቁም። በዚህች አጭር ርቀት ውስጥ 3,000 ሜትር ይወረዳል። አየሩ በየ1,000 ሜትሩ ወደ 6 ዲግሪ ይለዋወጣል። ስለዚህ ጮቄ ላይ ጋቢ ደርቦ የሚንቀጠቀጥ እረኛና ሸለቆው ውስጥ ሸሚዙን አውልቆ ከብት የሚያጠጣ ልጅ በአንዱ ሰዓት የ18 ዲግሪ ልዩነት አላቸው። ሜዳ አገር ላይ ያን ያህል ልዩነት ለማግኘት በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር መጓዝ ያስፈልጋል። እኛ ጋ በእግር የሚደረስ ነው። ጉልበት ላለው ማለቴ ነው።

ጎጃም በዚህ ብቻውን አይደለም። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የአፍሪካ መሬት 80 በመቶ ያህሉ ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። ጎጃምን ልዩ የሚያደርገው ከፍታውና ጥልቀቱ ጎን ለጎን መሆናቸው ነው። ራስ ዳሸን ይበልጠዋል፣ አፋር ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች ይወርዳል። እነሱ ግን በጣም ይራራቃሉ። እዚህ ደገኛውና ቆለኛው አንድ ገበያ ይውላሉ።

አሁን ወደ ዓባይ በረሃ እንውረድ። የማዘወትረው መንገድ ስለሆነ ትንሽ እቆይበታለሁ፤ ታገሡኝ።

ከደጀን ወደ ጎሃ ጽዮን የምትጓዙ ከሆነ መስኮት ዳር ተቀመጡ። ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱት፤ ኔትወርኩም ቢሆን እዚያ ብዙ አያስተማምንም። መኪናው መውረድ ሲጀምር መጀመሪያ በጎን የምታዩት ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ባዛልት። ደረጃ ደረጃ ሆኖ ተደራርቧል። ትንሽ ወረድ ስትሉ ጥቁሩ ያልቅና ነጣ፣ ቀላ የሚል አሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ከዚያ ቢጫማ ነጭ ገደል ትደርሳላችሁ፤ የኖራ ድንጋይ ነው። ከእሱ በታች ገደሉ ይለዝብና ግራጫ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ የተቀላቀለበት ቅርፍርፍ የሚል ነገር ይቀጥላል። ያ ጂፕሰምና በጭቃ የተሠራ ድንጋይ ነው። ወለሉ አካባቢ፣ ሙቀቱ ፊታችሁን መታ ሲያደርጋችሁ፣ ቀይ አሸዋ ድንጋይ ታገኛላችሁ። አንድ ሰዓት ባልሞላ ጉዞ ውስጥ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በፊት ወደነበረው ጊዜ ወርዳችኋል።

የኖራ ድንጋዩ ጋ ቆም ብላችሁ ጠጋ ብትሉ ውስጡ የባሕር ቅርፊት ታያላችሁ። እዚህ ባሕር ነበር። ከ150 ሚሊዮን፣ ከ160 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ አፍሪካና ማዳጋስካር ሲለያዩ፣ ውሃው ከደቡብ ምሥራቅ ገብቶ ይህን አገር ሸፍኖት ነበር። ባሕሩ ሲገባ ጥልቀት አልነበረውም። እየተነነ ሲደርቅ ጂፕሰሙን ተወ። ጠለቅ ሲል ደግሞ ኖራውን አስቀመጠ። ኋላ ተመልሶ ሄደ፤ ወንዞች አሸዋቸውን አመጡበት። ዛሬ ያ የባሕር ወለል ከባሕር ጠለል ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ደጀን ሥር ተሰቅሏል። የጎጃምን ከፍታ ለማስረዳት ከዚህ ቅርፊት የተሻለ ምስክር አላውቅም። ቀንድ አውጣው ዳገት አልወጣም። መሬቱ ነው ይዞት የተነሳው።

ለምን ተነሳ? ከመሬት ውስጥ ሞቃት ቁስ ወደ ላይ ገፋው። ያ ግፊት ነው አፋርን የሰነጠቀው፣ ስምጥ ሸለቆንም የከፈተው። መሬቱ ሲሰነጠቅ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቅልጡ ድንጋይ ወጣ። ከአንድ ተራራ አናት አልነበረም የወጣው፤ ከረጃጅም ስንጥቆች እየፈሰሰ ሜዳውን አለበሰው። አንዱ ሲቀዘቅዝ ሌላው ከላዩ ይፈሳል፣ መሶብ ውስጥ እንደሚደራረብ እንጀራ። አብዛኛው ክምር የተሠራው በ1 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ውስጥ ነው፤ ለድንጋይ ይህ በጣም ፈጣን ነው። ውፍረቱ አንዳንድ ቦታ እስከ 2 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። የምንኖረው በዚያ ጥቁር ክምር ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣል ላድርግ። የዓባይ በረሃ መንገድ ተሠራ ሲባል ይንሸራተታል። እንደገና ይሠራል፤ እንደገና ይሰነጠቃል። ተሳፋሪው ሁሉ መሐንዲሱን ይረግማል። ትንሽ ልከራከርላቸው። በጃፓን ድጋፍ የተሠራው አዲሱ ድልድይ በእግሩ ጠንካራ ድንጋይ ረግጦ ቆሟል። መንገዱ ግን ያን ቅርፍርፍ የሚል ድንጋይና ከላይ የተናደውን ክምር ሳይረግጥ መውጣት አይችልም። ክረምት ሲመጣ ውሃው ከላይ በባዛልቱና በኖራው ስንጥቅ ይሰርጋል። የጭቃው ድንጋይ ጋ ሲደርስ ማለፊያ ያጣል። ጭቃው ይርሳል፣ ከላዩ ያለው ሁሉ ይንሸራተታል። የከባድ መኪናው ክብደት ደግሞ አለ። በሁለተኛ ማርሽ የሚያቃስቱት ሲኖትራኮች ከድንጋዩ ጋር ተባብረው ነው መንገዱን የሚያፈርሱት። ጥገናው በየጊዜው የሚደረግ እንጂ አንዴ ተደርጎ የሚያልቅ አይመስለኝም።

እንግዲህ ጮቄ። ከታላቁ የባዛልት ፈሰስ በኋላ፣ ከ22 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ከዚያ ክምር ላይ ሌላ እሳተ ገሞራ ተነሳ። ጮቄ ሹል ተራራ አይደለም። ስትቀርቡት ተራራ መሆኑ እንኳ ያጠራጥራል። በጣም ሰፊ ነው፤ ከአንዱ እግሩ እስከ ሌላው 100 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ከደብረ ማርቆስ በረቡዕ ገበያ በኩል ወደ ድጎ ጽዮን የሚሄደውን መንገድ የያዘ ሰው ያውቀዋል። ቀስ እያለ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ዛፍ ይጠፋል። አናቱ ላይ ሲደርስ አገሩ ሰፊ ደጋ እንጂ ጫፍ አይመስልም።

የዓባይን ነገር የሚያስረዳልን ይኸው ሰፊ ተራራ ነው። ዓባይ ከጣና ይወጣል፤ መድረሻው ምዕራብ ነው፣ ሱዳን። ከጣና እስከ ድንበሩ በቀጥታ 300 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ዓባይ ግን ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይነሳል፣ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን ምዕራብ። ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዛል። "ዓባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል" የተባለው ለስድብ ይመስላል እንጂ መዞሩስ እውነት ነው። ምክንያቱም መሃል ላይ ጮቄ ተቀምጧል። ወንዙ ተራራውን መሻገር ስላልቻለ ዙሪያውን ሄደ። በካርታው ላይ ጎጃምን ከጎረቤቶቹ የለየው ያ ትልቅ ቅስት ከ22 ሚሊዮን ዓመት በፊት የቆመ እሳተ ገሞራ ያስገደደው ነው ማለት ነው።

ከጮቄና ከአካባቢው ተራሮች የሚወርዱትን ወንዞች ተመልከቱ። ሙጋና ሱሃ ወደ ምሥራቅ ይወርዳሉ። ጨሞጋ፣ ተምጫና ብር ወደ ደቡብ። ግልገል ዓባይ ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ተነስቶ ወደ ሰሜን ጣና ይገባል። በሁሉም አቅጣጫ ነው የሚሄዱት። መጨረሻቸው ግን አንድ ነው። ጀርባቸውን ተሰጣጥተው የወጡት ሁሉ ዞረው ዓባይ ውስጥ ይገናኛሉ። አንድ ተራራ ላይ የዘነበ ዝናብ፣ ግማሹ በምሥራቅ ግማሹ በሰሜን ወርዶ፣ ያው አንድ ወንዝ ውስጥ ነው። ሱዳን ድንበር ላይ ከሚደርሰው ውሃ ከጣና የወጣው 10 በመቶ እንኳ አይሞላም። ቀሪውን የሚያመጡት በመንገድ ላይ የሚቀላቀሉት ወንዞች ናቸው፤ ከግራ በኩል እነ ጀማ፣ ጉደር፣ ዴዴሳና ዳቡስ፣ ከቀኝ ደግሞ የእኛዎቹ። የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ስፔናዊው ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ግሽ ድረስ መጥተዋል። ምንጩን አይተው ተደስተው ሄዱ። ይበሉ እንጂ፣ ምንጩ ጠበል ነው፣ ክብር ይገባዋል። በውሃ ብዛት ግን ዓባይን ዓባይ ያደረጉት እነዚህ ማንም ሊያያቸው ያልመጣ ወንዞች ናቸው።

ጣናን በአጭሩ ልለፈው። 1,786 ሜትር ከፍታ ላይ የተዘረጋ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን ቢበዛ 14 ሜትር የሚሆን ውሃ ነው። በስፋቱ ባሕር ይባላል፤ በጥልቀቱ ግን አንድ አራት ፎቅ ቤት አይውጥም ማለት ይቻላል። የያዘው ደቡብ ላይ የፈሰሰ አዲስ ባዛልት ነው፤ አዲስ ስል በድንጋይ አቆጣጠር ነው። ጢስ ዓባይም የሚወድቀው ከዚያው ዓይነት ድንጋይ ላይ ነው። ከ16 እስከ 18 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ጣና ጭርሱን ደርቆ ነበር። የሐይቁን ጭቃ በቱቦ ቆፍረው ያወጡ ተመራማሪዎች ናቸው ያወቁት። ሐይቁ ዘላለማዊ የሚመስላችሁ ካላችሁ እሱን አስቡ።

አሁን ደግሞ ዓባይ ያልቻለውን አቋራጭ ሰው አገኘው። ከጣና በስተ ምዕራብ መሬቱ ወደ በለስ ቁልቁል ይወርዳል። 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ዋሻ ተቆፈረና የጣና ውሃ ከ300 ሜትር በላይ ተወርውሮ በለስ ገባ። ጣና በለስ ኃይል ማመንጫ እሱ ነው፤ በ2002 ዓ.ም ሥራ ጀመረ፣ 460 ሜጋ ዋት። ዓባይ ጎጃምን ሁሉ ዞሮ የሚደርስበት ቆላ፣ ውሃው በአቋራጭ ወረደለት። ዋጋው ደግሞ ጢስ ዓባይ ላይ ታየ፤ ፏፏቴው በበጋ እየቀጠነ ሄደ። እዚህ ላይ የጎን ካርታችን ሁለቱንም ያሳያል፤ መብራቱንም የቀጠነውንም ውሃ።

ከፍታውን እንዴት አወቅነው? እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 እንዴቨር የተባለችው መንኮራኩር በ11 ቀን ውስጥ አብዛኛውን የምድር ገጽ በራዳር ለካች። ዛሬ ስልካችሁ ላይ የምታዩት የተራራ ቅርጽ በአብዛኛው ከዚያ ልኬት የመጣ ነው። ጥሩ ነው፤ ጉድለት ግን አለው። 30 ሜትር በ30 ሜትር የሆነ መሬት አንድ ቁጥር ነው የሚሰጠው። ሹል ጫፍ ይደመሰሳል፣ ጠባብ ገደል ይሞላል። ስለዚህ ስልካችሁ ገደል አፋፍ ላይ ቆማችሁ ሜዳ ላይ ናችሁ ቢላችሁ አትመኑት።

ከዚያ በፊት የነበሩ ተጓዦች ከፍታ የሚለኩት ውሃ አፍልተው ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። ከፍ ባላችሁ ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ውሃውም ሳይግል ይፈላል። በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ዓባይ በረሃ ውሃ በ96 ወይም በ97 ዲግሪ ይፈላል። ደብረ ማርቆስ በ92። ጮቄ አናት ላይ በ86፣ 87። ይህን ቤታችሁ ውስጥ ታውቁታላችሁ። ከቆላ የመጣች ሙሽራ ደጋ ስትገባ ባቄላው አልበስልልሽ ይላታል። "እንጨቱ ነው" ይሏታል፣ "ምጣዱ ነው" ይሏታል። ከፍታው ነው። ውሃው እየፈላ ነው፣ ግን በቂ ሙቀት የለውም። ደጋ ላይ ንፍሮ የሚጣደው ከሌሊት ጀምሮ ቢሆን አይፈረድም።

ወደ ሰዉ ኑሮ ልምጣ። የጎጃም ገበሬ ከማንም በፊት ይህን አገር በቁመት ከፍሎታል። ከ1,500 በታች ቆላ። ከዚያ እስከ 2,300 ወይም 2,400 ወይና ደጋ። ከዚያ በላይ ደጋ። ከ3,200 በላይ ውርጭ። መጽሐፍ የጻፈው ከገበሬው ወስዶ ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ ውርጩ ነው። ጮቄ ላይ ወደ አናቱ ስትቀርቡ ጓሳ ሣር፣ አስታ፣ ጅባራ ታያላችሁ። ጅባራ ሌሊት ቅጠሉን አጥፎ ልቡን ከውርጭ ይጠብቃል፣ ጠዋት ይከፍተዋል። እዚያ ቀንና ሌሊት የሚለያዩት በጋና ክረምት ከሚለያዩት በላይ ነው። ድሮ ይህ ሁሉ የጓሳና የአስታ አገር ነበር። አሁን እርሻው ወደ ላይ እየወጣ ነው። ገብስ፣ ድንች፣ እንግዶ። ቁልቁለቱ በሬ እንኳ ቀጥ ብሎ የማይቆምበት ቦታ ታርሷል። አንድ ጊዜ እዚያ ካገኘኋቸው አዛውንት ጋር ተጨዋውቻለሁ።

"አባቴ፣ እዚህ ጤፍ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ?" አልኳቸው።

ሳቁብኝ። "ጤፍማ ከታች ገበያ ነው ልጄ። እኛ ድንች እናወርዳለን፣ ጤፍ ይዘን እንወጣለን። ካልሆነም ገብሱ አለ።"

ይህ ንግድ ነው የጎጃም ገበያዎችን ያቆመው። ደጋው ድንችና በግ ያወርዳል። ከእነማይና ከቢቸና በኩል ያለው ጥቁር መሬት ጤፍ ያመጣል። ቆላው ማሽላና ሰሊጥ። ብዙዎቹ የገበያ ከተሞች ሁለት የአየር ጠባይ በሚገናኝበት አፋፍ ላይ ናቸው፤ በአጋጣሚ አይመስለኝም። በሌላ በኩል ደግሞ መንደሩ አፋፍ ላይ፣ እርሻው ከታች የሆነበት ብዙ ነው። ሰዉ ወርዶ ያርሳል፣ ወጥቶ ያድራል። ወባ ከ2,000 ሜትር በላይ ብዙም አትወጣም። አባቶቻችን ትንኟን ባያውቋት እንኳ ወሰኗን ያውቁ ነበር።

ስለ አፈሩ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ የዛሬው ንግግሬ ከዚህ በተሻለ የሚጠቀለልበት ቦታ የለም ብዬ ነው የማስበው። ደብረ ማርቆስ በዓመት 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ይዘንባል። እንጅባራ አካባቢ ደግሞ ከዚህ በጣም ይበልጣል። ከፍ ባለ ቁጥር ደመናው ይጨመቃል። ሸለቆው ግን ይጠማል፤ ደመናው አፋፉ ላይ ያራግፋል። ይህ ሁሉ ዝናብ ለረጅም ዘመን ከደጋው አፈር ካልሲየሙን አጥቦ አወረደው። አፈሩ አሲድ ሆነ። አሲዱ አሉሚንየሙን ያነቃዋል፣ ሥሩን ያቃጥለዋል። ገበሬው ማዳበሪያ ይገዛል፣ ይበትናል። አፈሩ ፎስፈረሱን ጠፍሮ ይይዘዋል፣ ለሰብሉ አያደርሰውም። ገበሬው ብሩን መሬት ቀበረ ማለት ነው። አዊ ውስጥ ፋግታ ለኮማ በኩል ብዙዎች እርሻውን ትተው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተከሉ። ከሰል አከሰሉ፣ ለከተማ ሸጡ፣ ጥሩ ገንዘብም አገኙበት። በቅርብ ዓመታት ግን ፈንገስ መታው።

የአሲዳማ አፈር መድኃኒቱ ኖራ ነው። ኖራው የት አለ? ደጀን። ከዚያ ገደል የሚወጣው ድንጋይ ይፈጫል፣ በጆንያ ይሞላል፣ ለደጋው እርሻ ይጫናል። ዝናብ ከላይ ያጠበውን ካልሲየም፣ ሰው ከታች ያለውን የባሕር ቅርፊት ፈጭቶ ይመልሳል። ችግሩ ምን መሰላችሁ? ለሄክታር የሚያስፈልገው በኩንታል የሚቆጠር ብዙ ነው። መኪናው መንገዱ ላይ ይጥለዋል። ከመንገዱ እስከ እርሻው ያለውን ዳገት ደግሞ አህያ ወይም ጀርባ ይወጣዋል። ዕቅዱ ጠረጴዛ ላይ ሲሠራ ርቀቱ በኪሎ ሜትር ተቆጥሯል፤ ዳገቱን ግን ማንም አልቆጠረውም። ኖራው በየመጋዘኑ ደጃፍ ዝናብ ሲመታው ስታዩ "ገበሬው አልገባውም" እንዳትሉ። ገብቶታል። ጉልበቱን አስልቶት ነው።

ዳገትን ያልቆጠረ ዕቅድ በምዕራብ በኩልም ታሪክ አለው። ከእንጅባራ፣ ከጥንቱ ኮሶ በር፣ ወደ ቻግኒ፣ ወደ ፓዌ ስትወርዱ ከ2,500 ወደ 1,100 ሜትር ነው የምትወርዱት። በ1933 ዓ.ም ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከስደት ሲመለሱ ጥር 12 ቀን በኦሜድላ በኩል ገብተው ነበር ወደ ላይ የወጡት። የዘመቻው ስንቅና ጥይት በሺዎች በሚቆጠሩ የሱዳን ግመሎች ተጫነ። ግመል የሜዳና የአሸዋ ከብት ነው። ወደ በላያ ተራራ፣ ከዚያም ወደ ደጋው ሲወጡ ድንጋዩና ብርዱ ጨረሳቸው፤ የተረፉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 28 ቀን እዚህ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ግመሎቹ ግን መንገድ ላይ ቀሩ። በሌላ አቅጣጫ ደግሞ በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎና ከሌላም ደጋ ሰው ወደ ፓዌ ወረደ። ወባን የማያውቅ ሰው ወባ አገር ገባ። ብዙ ሰው አለቀ። ግመሉን ወደ ላይ፣ ደገኛውን ወደ ታች። ሁለቱም የተላኩት በጠፍጣፋ ካርታ ነው።

በጣሊያን ጊዜ በላይ ዘለቀና የቢቸና አርበኞች ከዓባይ ገደል ጋር እንዴት እንደተባበሩ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ፤ አልደግመውም።

አመሰግናለሁ።

ከጥያቄዎቹ አንዱ ከአንድ የሁለተኛ ዓመት ተማሪ የመጣ ነበር። "ጋሼ፣ ዓባይ ሸለቆውን አሁንም እየቆፈረ ነው? ግድቡስ አያቆመውም?"

ጥሩ ጥያቄ ነው። እየቆፈረ ነው። ቁፋሮው የጀመረው ባዛልቱ ከፈሰሰ ብዙም ሳይቆይ ነው፤ ከ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወዲህ መሬቱ እየተነሳ ሲሄድ እንደበረታ የሚናገሩ ተመራማሪዎች አሉ። መሬቱ ሲነሳ ወንዙ ቁልቁለት ያገኛል፤ ቁልቁለት ያገኘ ወንዝ ይቆፍራል። ዓባይ ሱዳን ድንበር ላይ በዓመት ከ100 ሚሊዮን ቶን በላይ ደለል ሲያደርስ ኖሯል። ከዚያ ውስጥ ሸለቆው ራሱ የሰጠው አለ። ከጮቄ ቁልቁለት እርሻና ከየቦረቦሩ የሄደው ግን ብዙ ነው። ገበሬው ውሃ እንዳይተኛበት በእርሻው ላይ የሚያወጣው ፈሰስ ዳገት ላይ ሲሆን ከጥቂት ክረምት በኋላ ቦረቦር ይሆናል። ስለዚህ ቁፋሮውን ለወንዙ ብቻ አንስጠው።

ግድቡን በተመለከተ ቁጥሩ ራሱ ይመልስልናል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ሲሞላ ውሃው 640 ሜትር ከፍታ ላይ ይቆማል። ከዚያ በታች ወንዙ ሐይቅ ሆኗል፤ አይቆፍርም፣ ያመጣውን ያስቀምጣል። ደለሉ የሚከማቸው መጀመሪያ ወንዙ ሐይቁን በሚቀላቀልበት ጫፍ ነው። ደጀን ሥር ያለው የወንዙ ወለል ግን ከሐይቁ ወደ 400 ሜትር ከፍ ይላል፤ ሐይቁ እዚያ አይደርስም። እዚያ ቁፋሮው እንዳለ ነው። ጨሞጋና ሙጋም በየክረምቱ ድንጋይ ማውረዳቸውን ይቀጥላሉ።